ዋይፋያችን ላይ የማናውቀው ዲቫይስ አለ፤ የት እንደተቀመጠ እንዴት ላግኘው?

ሳላስበው_አይቲ
ሰኞ፣ ጠዋት 4፡10

ሰላም ለቤቱ። የምሠራው መገናኛ አካባቢ ባለ አንድ የሂሳብ ሥራ ቢሮ ነው። ጂ+4 ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አስራ አንድ ሠራተኛ። አንድ ቀን ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት ስቤ ስላወጣሁ የቢሮው አይቲ ተብዬ ቀረሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋይፋያችን ጠዋት ጠዋት ደህና ነው። 6 ሰዓት ሲል መንቀራፈፍ ይጀምራል፤ እስከ 8 ሰዓት ኢሜይል እንኳ አይከፍትም። ከዚያ በራሱ ጊዜ ይድናል። መስመሩ ነው ብዬ ነበር። ግን በዚያው ሰዓት ላፕቶፔን በኬብል ሞደሙ ላይ ስሰካው እንደ ልብ ይሄዳል።

ብራውዘር ላይ 192.168.1.1 ብዬ የሞደሙ ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ። የተገናኙት ዝርዝር ላይ 31 ዕቃ አለ። የኛን ሁሉ ብቆጥር ከ24 አያልፍም። አንዱ "ሆን ሃይ" ይላል፤ እውነት ለመናገር ደነገጥኩ። አንዱ ደግሞ ስም የለውም፣ አይፒው (ኔትወርኩ ላይ የተሰጠው የአድራሻ ቁጥር) 31 ላይ የሚያልቅ። እሱን ወዲያው ብሎክ አደረግኩት። ምንም ለውጥ የለም።

ፓስወርዱን ቀይሩ እንደምትሉ አውቃለሁ። አምና ቀይረን ነበር፤ በሁለት ሳምንት ተመልሶ እንደነበረው ሆነ። አሁን ማን እንደሆነና የት እንዳለ ማወቅ ነው የምፈልገው።

ኬብል_ጎታች
ሰኞ፣ ጠዋት 4፡45

ወንድሜ፣ ቶሎ አትደንግጥ። ብሎክ ለማድረግም አትቸኩል።

ሆን ሃይ ማለት ፎክስኮን ነው፤ አይፎን የሚገጣጥመው የታይዋን ድርጅት። የማክ አድራሻ፣ ማለትም የእያንዳንዱ ኔትወርክ ካርድ መለያ፣ 12 አሃዝ አለው፤ አሃዞቹ ቁጥርም ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ ፊደላትም ናቸው። የመጀመሪያዎቹ 6 አምራቹን ይናገራሉ፤ ቁጥሩን የሚያድለው አይ ትሪፕል ኢ የሚባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ነው። ችግሩ የሚነግርህ የዋይፋይ ካርዱን የሠራውን እንጂ ዕቃው ላይ የተለጠፈውን ማርካ አይደለም። ቢሮህ ውስጥ ኤችፒ ፕሪንተር የለም? ቀድመህ እሱን ተመልከት።

ስልኮች ደግሞ ሌላ ጣጣ ናቸው። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ፣ አይፎን ደግሞ ከአይኦኤስ 14 ወዲህ፣ ስልክ እውነተኛ ማኩን ደብቆ የፈጠራ ማክ ይሰጣል። መለያው ቀላል ነው፦ ሁለተኛው አሃዝ 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ አድራሻው የፈጠራ ነው፤ አምራቹን ብትፈልግ አታገኝም። ስለዚህ "ያልታወቀ" የሚለው ሁሉ ሌባ አይደለም። የአለቃህ ስልክ ሊሆን ይችላል።

ዝርዝሩን አትም። እስክሪብቶ ያዝ። ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ዙርና የእያንዳንዱን ስልክና ላፕቶፕ ማክ ከሴቲንጉ ውስጥ እያየህ ሰርዝ። አሰልቺ ነው፣ ግን ሌላ አቋራጭ የለውም። የቀረህን ይዘህ ተመለስ። አንድ ነገር ደግሞ፦ በኬብል ደህና ሆኖ በዋይፋይ ከሞተ የተጨናነቀው መስመሩ ሳይሆን አየሩ ነው። ይሄን ያዝልኝ።

ሳላስበው_አይቲ
ሰኞ፣ ከሰዓት 9፡20

እህትህ ነኝ :) ግን ምክሩ ሠርቷል።

ሆን ሃይ የተባለው ፕሪንተሩ ነው። ካርቶኑን ሳየው ሳቄ መጣ። ሦስት "ያልታወቁ" የጋሼ (የድርጅቱ ባለቤት) ሆነው ተገኙ፤ ሁለት ስልክና አንድ ታብሌት። ባለቤት የሌላቸው ስድስት ቀሩኝ።

ፊንግ የሚባለውን የኔትወርክ መፈተሻ አፕ ስልኬ ላይ ጭኜ ነበር፤ ማክ አድራሻ አላሳይ አለኝ። ከላፕቶፑ በኮማንድ መስኮት የኤአርፒ ዝርዝሩን (የትኛው አይፒ የየትኛው ማክ እንደሆነ የሚያሳየውን) ሳወጣ ግን አንድ ግራ የገባኝ ነገር አየሁ። 14፣ 17፣ 18፣ 22 እና 27 ላይ የሚያልቁት አምስት አይፒዎች ማክ አድራሻቸው አንድ ነው። ፊደል በፊደል አንድ። ሞደሙ ውስጥ ያለው ዝርዝር ላይ ግን አምስቱም የተለያየ ማክ ነው ያላቸው። ላፕቶፔ ተበላሽቶ ነው?

ኬብል_ጎታች
ሰኞ፣ ከሰዓት 9፡38

ይቅርታ እህቴ። ላፕቶፕሽ ጤነኛ ነው። አግኝተሽዋል፤ ያገኘሽው ሪፒተር ነው።

እነዚያ ሶኬት ላይ የሚሰኩ፣ ሁለት አንቴና ያላቸው፣ ሲግናል የሚያራዝሙ ትንንሽ ዕቃዎች አሉ አይደል? ተራው ሪፒተር የደንበኞቹን ዳታ ወደ ሞደሙ ሲያሳልፍ በራሱ ማክ አድርጎ ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ ከኋላው ያሉት አምስት ስልኮች ለላፕቶፕሽ አንድ ሰው ይመስላሉ። አይፒ የሚጠየቅበት ደብዳቤ ግን የስልኩን ማክ በውስጡ ጽፎ ስለሚሄድ ሞደሙ አምስት አድርጎ መዝግቧል። ሁለቱ ዝርዝሮች የተጣሉት ለዚህ ነው። ብዙ ሰው አንዱን ዝርዝር ብቻ አይቶ ነው የሚያልፈው።

ለምን እንደሚያንቀራፍፋችሁም አሁን ገባኝ። ርካሹ ሪፒተር አንድ ሬዲዮ ነው ያለው። አንዱን መልእክት ይሰማል፣ ከዚያ በዚያው ቻናል ይደግመዋል። አየሩን ሁለት ጊዜ ይይዛል ማለት ነው። በዚያ ላይ ሩቅ ከሆነ ከሞደማችሁ ጋር የሚያወራው በዝቅተኛ ፍጥነት ነው። ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ሲንተባተብ ሌላው ሁሉ ተራ እንደሚጠብቀው አስቢው። ዋይፋይ ላይ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ ነው።

ፈጣን_ገመድአልባ
ሰኞ፣ ማታ 2፡05

ምን ያደክማችኋል። ካሊ ሊኑክስ (የኔትወርክ ሰርጎ መግባት መሞከሪያ ሲስተም) ጫኚ፣ እያቋረጠ የሚያስወጣቸውን ትዕዛዝ በነሱ ማክ ላይ ልቀቂ። ሲመራቸው ራሳቸው ነቅለው ይሄዳሉ።

ሲልቨርስፕሪንግ_ማታ
ሰኞ፣ ማታ 4፡30

ኧረ በፈጠራችሁ። እኔ እዚህ አሜሪካ ሆቴል ውስጥ ነው የማታ ሺፍት የምሠራው፤ ይህቺን ታሪክ ኔትወርክ የሚነካ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ናሽቪል ውስጥ ጌይሎርድ ኦፕሪላንድ የሚባል የማሪዮት ሆቴል ነበር። የእንግዶችን የግል ሆትስፖት ልክ አንተ ባልከው መንገድ ያቋርጥ ነበር። ለኮንፈረንስ ተሳታፊዎች ዋይፋይ ለአንድ ዲቫይስ ከ250 እስከ 1,000 ዶላር ይሸጥ ስለነበር ነው። አንድ እንግዳ አመለከተ። እ.ኤ.አ. በ2014 የፌዴራል ኮሚዩኒኬሽን ኮሚሽን 600,000 ዶላር አስከፈላቸው። ሆቴሉ "ለደኅንነት ነው፣ የማይታወቁ ሆትስፖቶችን ለመከላከል ነው" ብሎ ተከራክሮ ነበር። አልሠራለትም።

መፈለግ ሌላ፣ ማፈን ሌላ።

ኬብል_ጎታች
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡50

እኛም አገር የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፤ የሰው ሲስተም ውስጥ መግባትንም ማስተጓጎልንም ይከለክላል። ደግሞ ሬዲዮ ግድግዳ አያውቅም። ጎረቤት ክሊኒክ ቢኖርስ?

እህቴ፣ ወደ ፍለጋው። ሪፒተር መሆኑ ዕድለኛ አድርጎሻል። ስልክ ዳታ ካልላከ ዝም ይላል፤ ዝም ያለ ነገር ደግሞ በሲግናል አይገኝም። ሪፒተር ግን በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል "እዚህ ነኝ" እያለ ስሙን ይጠራል። ማንም ባይጠቀምበትም ይጠራል።

አንድሮይድ ላይ የዋይፋይ አናላይዘር አፕ ጫኚ። አይፎን አፖችን ይሄን አያሳይም፤ አንድሮይድ የያዘ ሰው ተዋሺ። የቢሯችሁ ዋይፋይ ስም ሁለት ጊዜ ተጽፎ ታያለሽ ብዬ እገምታለሁ። አንደኛው የሞደማችሁ ነው። ሁለተኛው ከኤአርፒ ዝርዝሩ ማክ ጋር በአንድ ሁለት አሃዝ ብቻ የሚለያይ ይሆናል። እሱን ተከተይ።

የሲግናሉ ቁጥር ሁልጊዜ ኔጌቲቭ ነው፣ በዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ)። ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ትቀርቢያለሽ። ከ80 በታች ከወረደ ሩቅ ነሽ ወይም ኮንክሪት አለ። 30ዎቹ ውስጥ ከገባሽ እጅሽን ዘርግተሽ ትነኪዋለሽ። ሜዳ ላይ ርቀቱ በግማሽ ሲያጥር ቁጥሩ በ6 ይሻሻላል፤ ሕንፃ ውስጥ ግን ይህ ሕግ አይሠራም፣ አትመኚው።

ሁለት ብልሃት ልስጥሽ። አንደኛ፣ ከአንድሮይድ 9 ወዲህ አንድ አፕ በሁለት ደቂቃ ውስጥ 4 ጊዜ ብቻ ነው አየሩን እንዲያስስ የሚፈቀድለት። እየሮጥሽ ብታይ የምታነቢው የቅድሙን ቁጥር ነው። ወይ በዴቨሎፐር ኦፕሽን ውስጥ ገደቡን አጥፊው፣ ወይ አንድ ቦታ ግማሽ ደቂቃ ቁሚ። ሁለተኛ፣ ስልኩን ደረትሽ ላይ ለጥፈሽ ቀስ ብለሽ ዙሪ። ሰውነታችን አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ሲግናሉን ይውጠዋል። ቁጥሩ በጣም የወረደበት አቅጣጫ ላይ ስትሆኚ ዕቃው ከጀርባሽ ነው።

የሚጨናነቀው ከ6 እስከ 8 አይደል? በዚያ ሰዓት ሄደሽ ፈልጊ።

የግቢው_ልጅ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡30

ለሌሎች የሚጠቅም ከሆነ፦ እኛ ጋ (አንድ ኮሌጅ ነው) የነበረው ደግሞ በኬብል የተሰካ ነበር። አንድ መምህር የቤቱን ራውተር አምጥቶ ግድግዳው ላይ ባለው የኔትወርክ ሶኬት ሰክቶ፣ ዋይፋይ ለራሱ። የሰካው በተሳሳተው ቀዳዳ ስለነበር ራውተሩ ለሕንፃው ሁሉ 192.168.0 የሚል አይፒ ማደል ጀመረ። ሬጅስትራር ሥራ ቆመ።

በእግር አልፈለግነውም። አንዱ የተበላሸበት ኮምፒውተር ላይ የጌትዌዩን (የመውጫ በሩን፣ ማለትም የራውተሩን) ማክ አየን፤ ከዚያ ኬብሎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ስዊች "ይህ ማክ በየትኛው ፖርት ነው የመጣው?" ብለን ጠየቅነው። ፖርት 17። ኬብሉ ላይ የክፍሉ ቁጥር ተለጥፏል። አስር ደቂቃ አልፈጀም። መምህሩ ሻይ እየጠጣ ነበር።

አዲስ_ገቢ
ማክሰኞ፣ ቀን 5፡15

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። ሪፒተሩ ፓስወርዱን ከየት አመጣው? ተጠልፈው ነው ማለት ነው?

ኬብል_ጎታች
ማክሰኞ፣ ቀን 5፡40

ሊሆን ይችላል፣ ግን በኔ ዕድሜ ካየሁት አብዛኛው አንድ ሰው ራሱ የሰጠው ነው። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ስልክህ ፓስወርዱን በኪውአር ኮድ ያሳያል። አንዴ ፎቶ የተነሳ ኮድ ሰፈሩን ሁሉ ይዞራል።

የሚጠለፍ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ደብልዩፒኤስን ነው፤ ፓስወርድ ሳይጻፍ ዕቃ የሚያገናኘውን፣ ሞደሙ ላይ ያለችውን ቁልፍ። ባለ 8 አሃዝ ፒን አለው፤ መቶ ሚሊዮን ሙከራ የሚፈልግ ይመስላል። ግን የመጨረሻው አሃዝ ከሌሎቹ የሚሰላ ማጣሪያ ነው። በዚያ ላይ መጀመሪያ አራቱን፣ ከዚያ ሦስቱን ለየብቻ ነው "ትክክል" ወይም "ስህተት" የሚለው። 10,000 ሲደመር 1,000፣ በቃ 11,000 ሙከራ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ነው ይፋ የወጣው፤ ዛሬም ክፍት ያደረጉ ሞደሞች አያለሁ። አጥፋው።

የዋይፋዩን ስም መደበቅና በማክ ማጣራት የሚባሉትን ግን አልመክርህም። አንተን ነው የሚያደክሙት። ማክ በአንድ ደቂቃ ይቀየራል።

ሳላስበው_አይቲ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡05

ተገኘ!! ቁጭ ብላችሁ አንብቡ።

በ6 ሰዓት ተኩል የባልደረባዬን ሳምሰንግ ተውሼ ወጣሁ። እውነትም ስማችን ሁለት ጊዜ አለ። በራችን ላይ ኔጌቲቭ 71። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን ልብስ ሰፊዎች ነበር (ብዙ ጊዜ ሙዚቃ ስለሚከፍቱ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ)። ወጣሁ፤ 78 ሆነ። ተመልሼ ወረድኩ። አሳንሰሩ ፊት በድንገት 58 አለ፤ በቃ አገኘሁ ብዬ እዚያ ስዞር ቆየሁ፣ ግን ሁለት እርምጃ ስርቅ ወዲያው 70 ይላል።

አንደኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ 63። ስልኩን ደረቴ ላይ ለጥፌ ዓይኔን ጨፍኜ ስዞር የሕንፃው ጥበቃ አባባ መጥተው "ልጄ፣ ምን ጠፋሽ? አዞረሽ እንዴ?" አሉኝ። ዋይፋይ እየፈለግኩ ነው አልኳቸው። "እሱማ ታች ነው የሚሻለው" አሉኝ። እሳቸውም ያውቃሉ!

ታች 52። ደረጃው ሥር ደግሞ ቡና የሚያፈሉት እትዬ አሉ። ቄጤማው፣ ረከቦቱ፣ ዱካዎቹ ሁሉ በሰው ሞልተዋል፤ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። 41። እትዬ "ነይ ቁጭ በይ፣ አቦል ደርሷል" አሉኝ። ቁጭ አልኩ። 34። ቀና ስል ከጀርባዬ፣ ከለስላሳው ፍሪጅ በላይ፣ ነጭ ሪፒተር ሶኬቱ ላይ ተሰክቷል። ሦስት አረንጓዴ መብራት። አቧራ እንዳይነካው ላስቲክ አልብሰውታል።

ምን ልበል? ቡናዬን ጠጣሁ። ከዚያ "እትዬ፣ ይሄ ዋይፋይ የማነው?" አልኳቸው። ሳይደነግጡ "የናንተ ነዋ! ጋሽዬ ናቸው የሰጡኝ፤ ልጄ የ12ኛ ክፍል ውጤቷን እንድታይበት። እዚህ ስለማይደርስ የእህቴ ልጅ ይቺን ገዝቶ ሰካልኝ" አሉኝ። አምና ፓስወርድ ስንቀይርስ? "ጋሽዬ ቡና ሊጠጡ ሲወርዱ ስልካቸው ላይ አሳይተውን ነዋ።"

ሲልቨርስፕሪንግ_ማታ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡10

ሆሆይ! ላስቲኩ ገደለኝ።

ፈጣን_ገመድአልባ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡25

እሺ፣ ትናንት ያልኩትን ተውት። እትዬን አላቋርጥም።

ኬብል_ጎታች
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡00

ጎበዝ። አሳንሰሩ ፊት ያየሽው ነጸብራቅ ነው፤ ብረት እንደ መስታወት ነው የሚሆነው። እኔንም ስንት ጊዜ አታሎኛል።

አሁን ጋሼን አስፈቅደሽ የቢሮውንና የታቹን ዋይፋይ ለዪ። ሪፒተሩን ንቀዪ። ለታች ሰዎች ከፈቀዱ መደርደሪያ ላይ የተጣለ አሮጌ ራውተር አይጠፋም፤ በኬብል አውርጂው። ኬብል አየሩን አይነካም። የናንተ ቻናል 6 ከሆነ የታቹን 11 አድርጊው፤ እንዲህ ሲሆን አይደራረቡም። የእንግዳ ኔትወርክ አድርገሽ ከቢሮው ኮምፒውተሮች ጋር እንዳይተያይ ዝጊው፣ ፍጥነቱንም ገድቢ። የሰው ሂሳብ የምትይዙ ሰዎች ናችሁ፤ ያ አምስት ስልክ እስከዛሬ ከፋይል ሰርቨራችሁ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነበር።

የቢሮውን ፓስወርድ የምትቀይሪው ከዚህ በኋላ ነው። በጋራ ፓስወርድ አንድ ሰው ለይተሽ ማስወጣት አትችዪም፤ ሁሉንም አስወጥተሽ ነው እንደገና የምታስገቢው። ለጋሼም የእንግዳውን ኪውአር አትመሽ ስጫቸው። ሰው ሲጠይቃቸው እሱን ያሳዩ።

ሳላስበው_አይቲ
ዓርብ፣ ከሰዓት 10፡30

ሁሉም ሆነ። ጋሼ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ "ለእትዬ እንዳትዘጊባቸው" አሉ። አሮጌውን ራውተር በ30 ሜትር ኬብል በደረጃው ጥግ አወረድነው። 3 ሜጋቢት ላይ ገደብኩት። ዛሬ በ7 ሰዓት ቢሮ ውስጥ ኢሜይል ሳይሆን ቪዲዮ ከፍቼ አየሁ። ሪፒተሩን የእትዬ የእህት ልጅ ለሌላ ሊሸጠው ወስዶታል። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ስድስተኛው ዕቃ የጥበቃ አባባ ስልክ ነው። ታች ሳይሆን ከኛ በር ላይ ነው የሚጠቀሙት፤ ማታ ማታ።

አዲስ_ገቢ
ዓርብ፣ ከሰዓት 11፡00

እንኳን ደስ አለሽ! ያቺ መጀመሪያ ብሎክ ያደረግሻት 31 ላይ የምታልቀውስ? ምን ነበረች?

ሳላስበው_አይቲ
ሰኞ፣ ጠዋት 3፡15

ስላልመለስኩ ይቅርታ። አሁን ነው ያወቅኩት።

የጣት አሻራ ማሽኑ ነው። ደመወዝ የምትሠራው ልጅ ዛሬ ጠዋት ሪፖርቱን ስታወጣ አስራ አንዳችንም ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ከሥራ ቀርተናል። ጋሼ ሁለቴ ጠርተውኛል። ማሽኑ አሻራውን ውስጡ መዝግቦ ይቆያል እያሉኝ ነው፤ ብሎኩን አንስቼ አዲሱን ፓስወርድ እያስገባሁለት ነው። ቁልፉ ደግሞ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፣ ፊደል የሚገኘው አንዱን ደጋግሞ በመጫን ነው። ፓስወርዱን 20 ፊደል ያደረግኩት እኔው ነኝ።